ከአሥረኛው ፎቅ የወደቀው ድመት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ዘወትር የሚነገረው ለወቀሳ ነው። ልብሱን ለውጦ ጠባዩን ያልለወጠ፣ ቃል ገብቶ ወደ ቀድሞ ልማዱ የተመለሰ ሰው በዚህ ተረት ይነቀፋል። ነገሩን ከድመቷ ወገን ሆኖ ለሚመለከት ግን ተረቱ ሌላም ፍች አለው። ድመት አመሏን የማትረሳው ከራሷ በቀር ሌላ ልትሆን ስለማትሻ ነው። ሰው ቢያበላት፣ ቢያቅፋትና በጉያው ቢያስተኛት እንኳ ለሰው ብላ ድመትነቷን አትተውም። እንዲህ ያለውን ፍጡር አመሉን ሳያስረሱ የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ይዛው የኖረች አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ ነበረች። ስሟ ሊሊያን ጃክሰን ብራውን ይባላል።

ሊሊያን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1913 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሲሆን የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው በመኪና ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው በዴትሮይት ከተማ ነው። ብዕር የጨበጠችው ገና በልጅነቷ ነበር። ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አጫጭር ግጥሞች እየጻፈች በጋዜጣ ታወጣ ነበር። ከዚያም ለታላላቅ መደብሮች የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆነች። ከ1948 እስከ 1978 ደግሞ ዴትሮይት ፍሪ ፕሬስ በተባለው ጋዜጣ ሠርታለች። የያዘችው ዓምድ የኑሮን ነገር የሚመለከት ነበር፤ ስለ ቤት አሠራር፣ ስለ ዕቃና ስለ ጌጥ፣ ስለ ጥንታዊ ቅርሳ ቅርስም ይጻፍበታል። ግጥሙ ቃል መቆጠብን፣ ማስታወቂያው አንባቢን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መያዝን፣ ጋዜጣው ደግሞ በቀጠሮ ቀን ሠርቶ ማድረስን አስተማሯት ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ይሁን እንጂ ደራሲ ያደረጋት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ደራሲ ያደረጋት ኀዘን ነው።

አርባ ዓመት በሞላት ዕለት ባለቤቷ የሳያም ዝርያ ያለው ግልገል ድመት በስጦታ አበረከተላት። እርሷም ኮኮ ስትል ስም አወጣችለት። ስሙ የተገኘው «ሚካዶ» ከተባለውና በ1885 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ ከበቃው የሙዚቃ ተውኔት ነው። የሳያም ድመት መልኩም ድምፁም ከሌላው ይለያል። ዐይኑ ሰማያዊ ነው። ግልገሉ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ ጥቁረት የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሙቀት የሚዳከም በመሆኑ ቀለሙ ቀስ በቀስ ብቅ የሚለው ቀዝቀዝ በሚሉት የአካል ክፍሎች፣ ማለትም በፊቱ፣ በጆሮዎቹ፣ በእግሮቹና በጅራቱ ላይ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ ሲርበው ብቻ ሳይሆን ሲከፋውም፣ ሲደሰትም፣ ትኩረት ሲፈልግም ይጮኻል። ከእንዲህ ያለው ድመት ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሰው ብቻዬን ነኝ ሊል አይችልም።

ኮኮ ዕድሜ አላገኘም። ከሚኖሩበት ሕንፃ አሥረኛ ፎቅ በመስኮት ወድቆ ሞተ። ጎረቤቶች ድመቱ ራሱ አልወደቀም፤ ሰው ገፍቶት ነው አሉ። ድመት ከከፍታ ሲወድቅ በአየር ላይ ተገልብጦ በእግሮቹ ለማረፍ የሚያስችል ተፈጥሮ እንዳለው የታወቀ ነው፤ አሥር ፎቅ ግን ከተፈጥሮ ስጦታ በላይ ነበር። የጎረቤቶቹ ቃል ጥርጣሬ ሆኖ ቀረ። ለድመት ሞት ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ የሚደርስ፣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚል አይገኝም። ባለ ኀዘኗ ኀዘኗን ብትናገር የሚሰማት ሰው ትዕግሥት ከአንድ ቀን አያልፍም። ለዚህም ነው እንዲህ ያለው ኀዘን ከሌላው ይልቅ ወደ ውስጥ የሚገባው። ሊሊያን በቁጣና በኀዘን መካከል ሆና እንቅልፍ አጣች፤ በሕልሟም መውደቅ ይመላለስባት ጀመር። በመጨረሻም ይህን ነገር ከውስጧ ለማውጣት ወረቀትና ብዕር አነሣች።

ያን ጊዜ የጻፈችው አጭር ልቦለድ በ1962 የኤለሪ ኵዊን የምሥጢር መጽሔት ላይ ታተመ። ባለ ታሪኳ ልጇን ያጣች እናት ድመት ናት፤ ግልገሏ በሰው ክፋት ከከፍታ ላይ ይወድቃል። በሕይወት ውስጥ ያልተገኘው ፍትሕ በታሪኩ ውስጥ ይፈለጋል። የሚገርመው ግን ደራሲዋ ለቁጣዋ ያዘጋጀችለት ቋንቋ ነው። ጩኸት የለበትም። ነገሩ ሁሉ የሚታየው በድመቷ ዐይን በመሆኑ፣ አንባቢ የሰውን ክፋት የሚያየው ክፋት የሚባለውን ቃል ከማያውቅ ፍጡር አንጻር ነው። ኀዘን ኪነ ጥበብ ለመሆን ከባለቤቱ ጥቂት ርቆ መቆም እንደሚገባው ለማስተዋል ይህች አጭር ሥራ በቂ ምሳሌ ናት።

ድመትን ከወንጀል ታሪክ ጋር ያገናኘች የመጀመሪያዋ ደራሲ ግን እርሷ አይደለችም። ኤድጋር አላን ፖ በ1843 ባሳተመው «ጥቁሩ ድመት» በተባለው ታሪኩ፣ ሚስቱን ገድሎ በግንብ ውስጥ የሸሸገውን ሰው የሚያጋልጠው ከግንቡ ውስጥ የሚሰማው የድመት ጩኸት ነው። የፖ ድመት የነፍሰ ገዳይ ኅሊና ምስል ሆኖ የሚያስፈራ ነው። አንባቢ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ በጨለማ ኮሽታ ቢሰማ ይደነግጣል። ሊሊያን የመረጠችው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የእርሷ ድመት በቤት ውስጥ የሚኖር፣ ምግብ የሚያማርጥ፣ ኩራተኛና ተወዳጅ ነው። በወንጀሉ ላይ የሚያተኩረው የአንባቢ ዐይን ከድመቱ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።

በ1966 የመጀመሪያው ረጅም ልቦለዷ «ወደ ኋላ ማንበብ የቻለው ድመት» በሚል ርእስ ወጣ። የታሪኩ ዋና ሰው ጂም ክዊለራን ይባላል። በአርባዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የሚገኝ፣ በመጠጥ ምክንያት ኑሮው ተናግቶበት አሁን ከአልኮል የራቀ፣ ትዳሩ የፈረሰ ጋዜጠኛ ነው። ቀድሞ የወንጀል ዜና ይጽፍ የነበረው ይህ ሰው ብዙም ስለማያውቀው ስለ ሥነ ጥበብ እንዲጽፍ ይመደባል። ቤት የሚከራየው ሠዓልያንን በብዕሩ ከሚያቆስል አንድ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ነው። የሐያሲው የሳያም ድመት ኮኮ ይባላል። ሐያሲው ሲገደል ድመቱ ከጋዜጠኛው ጋር ይቀራል። እንዲህም ሆኖ በመስኮት የወደቀው ኮኮ በልቦለድ ገጽ ላይ እንደገና ተነሣ።

የኮኮ የምርመራ ዘዴ የደራሲዋ ዋነኛ ፈጠራ ነው። ኮኮ አይናገርም፤ እንደ ሰው አያስብም፤ መነጽርም አያጠልቅም። የሚያደርገው ሁሉ ድመት የሚያደርገው ነው። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይጥላል፤ ማንም ልብ ያላለውን ዕቃ ደጋግሞ ያሸትታል፤ በተዘጋ በር ፊት ቁጭ ብሎ ይጮኻል። ክዊለራን ደግሞ ወፍራም ሪዙ ነዘር ባደረገው ቁጥር አንድ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። በወደቀው መጽሐፍ ርእስና በተፈጸመው ወንጀል መካከል ግንኙነት የሚያበጀው ሰውየው ነው። ድመቱ በእርግጥ ዐውቆ ነበርን? ወይስ ሰው ባለበት ሁሉ ትርጉም መፈለግ አመሉ ስለሆነ ነው? ደራሲዋ ይህን ጥያቄ አትመልስም። በዚህም ምክንያት ድመቱ ድመት ሆኖ፣ ሰውም ሰው ሆኖ ይኖራል፤ ሁለቱም አመላቸውን አይረሱም።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1967፣ ሦስተኛው በ1968 ተከተሉ። በሁለተኛው ላይ ያም ያም የተባለችው እንስት ድመት ወደ ቤቱ ገባች። በእነዚህ ሥራዎች የጋዜጣው ጠረጴዛ ለልቦለዱ ምን ያህል እንደ ጠቀመው ማየት ይቻላል። አንደኛው የሠዓልያንና የሥዕል ነጋዴዎችን፣ ሁለተኛው የቤት ውስጥ ማስጌጥ ባለሙያዎችን፣ ሦስተኛው የአሮጌ ዕቃ ሻጮችን ዓለም ይዞ ይነሣል። ሊሊያን ስለማታውቀው ዓለም ለመጻፍ አልሄደችም። በየቀኑ በሥራዋ የምታገኛቸውን ሰዎች፣ ዕቃዎቻቸውን፣ ቅናታቸውንና ትዕቢታቸውን ወሰደች።

ከ1968 በኋላ ግን ዝምታ ሆነ። የመጽሐፍ ገበያው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ከወንጀል ልቦለድ የሚጠበቀው ደምና ወሲብ ሆነ። አራተኛው ድርሰት ተጽፎ ሳለ የሚያትመው ታጣ። አንድ ደራሲ በዚህ ጊዜ ሊወስዳቸው የሚችላቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ገበያው የሚሻውን መጨመር ነው፤ ጥቂት ደም፣ ጥቂት ጭካኔ ጨማምሮ ዐሳታሚውን ማስደሰት። ሁለተኛው ድርሰቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ወደ እንጀራ ሥራ መመለስ ነው። ሊሊያን ሁለተኛውን መረጠች። ለዐሥራ ስምንት ዓመታት አንድም አዲስ ልቦለድ አላወጣችም። ለዐሥራ ስምንት ዓመት የማይታተም ደራሲ ደራሲነቱን ራሱ ይጠራጠራል፤ በአደባባይም ስሙ ይረሳል። ይህ ዋጋ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ጨካኝነትን እያየች ያዘነች ሴት ግን ጭካኔን ለሽያጭ ማቅረብ ለኀዘኗ ክሕደት ይሆንባት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ድመቱን የገፋው እጅ መዝናኛ ሆኖ እንዲታይ አልፈለገችም።

የመጀመሪያ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በ1979 ኧርል ቤቲንገር የተባለ ተዋናይ አገባች። ከመሳቢያው የወጣውን ድርሰት አንብቦ እንደገና ለአሳታሚ እንድትልከው የገፋፋት እርሱ ነው። መጽሐፉ በ1986 ታተመ፤ ለሁለት ታዋቂ የወንጀል ልቦለድ ሽልማቶችም ታጨ። የቀድሞዎቹ ሦስት መጻሕፍት ዳግመኛ ታተሙ፤ አዲሶችም በላይ በላዩ ተከተሉ። በ1986 ሰባ ሦስት ዓመት የሞላት ደራሲ ዕድሜዋን ደብቃ ኖራ ስለነበር፣ አንባቢዎቿ ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት ዕድሜ እንደሚፈልቅ አያውቁም ነበር። ተከታታዩ በ2007 ሲያበቃ 29 ልቦለዶችን ይዟል። ሠላሳኛው ሊወጣ ታስቦ ሳይወጣ ቀረ።

በኋለኞቹ መጻሕፍት ክዊለራን ታላቁን ከተማ ለቆ፣ ባልጠበቀው መንገድ የብዙ ሀብት ወራሽ ሆኖ፣ ሙስ በተባለች ራቅ ያለች ምናባዊ አውራጃ ይኖራል። ገንዘቡንም ለራሱ አያከማችም፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለቴያትር የሚውል ድርጅት ያቋቁምበታል። ባለ ሀብቱ ከአሮጌ የፖም ጎተራ በተሠራ ቤት ከሁለት ድመቶች ጋር ይኖራል፤ ጎረቤቶቹን ያውቃል፤ ለአካባቢው ጋዜጣ ይጽፋል። በእንዲህ ያለው የለዘበ የወንጀል ልቦለድ ውስጥ ግድያው ከመጋረጃ በስተጀርባ ይፈጸማል፤ አንባቢ የሚኖረው ከማኅበረሰቡ ጋር ነው። የሚያሳስበውም የአስከሬኑ ሁኔታ ሳይሆን የተናጋው የሰዎች መተማመን ነው።

በእርግጥ ሥራዎቿ ነቀፌታ አልጎደለባቸውም። የመጨረሻዎቹ መጻሕፍት የምሥጢሩ ቋጠሮ ላልቷል፣ የሰፈሩ ወሬና የምግቡ ዝርዝር በዝቷል፣ አንዱ ሌላውን ይመስላል ተብለዋል። ይህ ትችት መሠረት አለው። በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ መጽሐፍ የሚጻፍበት ሥራ ድካሙን መደበቅ አይችልም። ነገር ግን ብዙ አንባቢዎች ወደ እነዚህ መጻሕፍት የሚመለሱት ለቋጠሮው ሳይሆን ወደሚያውቁት ቤት ለመግባት ነበር። ቤቱን ደግሞ ቤት ያደረጉት ድመቶቹ ናቸው። ጂሮ አካጋዋ በጃፓን በ1978 ሆምዝ የተባለች ባለ ሦስት ቀለም ድመት ያለችበትን ተከታታይ ልቦለድ መጀመሩ፣ ሪታ ሜይ ብራውን ደግሞ በ1990 የድመቷን ስም ከራሷ ስም ጎን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ማስፈሯ፣ ይህ ዓይነቱ ቤት በብዙ አገር እንግዳ እንደማያጣ ያስረዳል።

ሊሊያን የመጨረሻ ዓመታቷን የኖረችው በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት ትራዮን በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ ከባለቤቷና ከሁለት ድመቶች ጋር ነው። አንደኛው ሦስተኛው ኮኮ ይባል ነበር። ያረፈችው በሰኔ ወር 2011፣ በ97 ዓመቷ ነው። በ29ኙ ልቦለዶቿ ውስጥ ምሥጢር ሁሉ ይፈታል፤ ጥፋተኛውም በስሙ ይጠራል። የመጀመሪያውን ኮኮ ከመስኮት የገፋው ሰው፣ በእርግጥ የገፋው ሰው ካለ፣ በየትኛውም ገጽ ላይ ስሙ አልተጻፈም። የድመቱ ስም ግን በቤቷም በመጽሐፎቿም ውስጥ እስከ መጨረሻው ሲጠራ ኖረ።