ስለ መኪና ማጠብና ስለ ውኃው መሄጃ

መኪና ማጠብ ማሰብን የማይጠይቅ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ ባልዲ ውኃ፥ አንድ ጭብጥ ኦሞና አንድ ቡትቶ ጨርቅ ካለ ማንም ሰው ያደርገዋል ይላሉ። ስለዚህም ይህ ሥራ በአገራችን ሌላ ያጣ ልጅ የሚይዘው ሆኖ ቀርቷል። እኔ ግን ዕድሜዬን በማስተማር ከጨረስሁ በኋላ ጡረታ ወጥቼ፥ በወገል ጤና ከተማ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የመንገዱን ኑሮ ስመለከት፥ ዐውቀው የሚያጥቡትና ሳያውቁ የሚያጥቡት እጅግ የተለያዩ ሆነው አገኘኋቸው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይህም ታገሠኝ፤ ከመኪናው ተነሥቶ ወደ ምንጩ ይወስደናል።

ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ግድም ነው። ለእኛ ለደላንታ ሰዎች ግን መንኰራኵር ከዚያ በፊት የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ ገደሉን እያስፈለጡ መንገድ ያወጡት በዋድላና በደላንታ በኩል ነበርና። ዛሬ በዚሁ አምባ ላይ የሚወጡት እህል ጫኝ አይሱዙዎች ናቸው፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ በአካባቢያችን ከተገኘ ወዲህ ደግሞ የድንጋይ ነጋዴዎች ፒካፖች ተጨምረዋል። ከደሴ በኩታበር በኩል የሚመጣ መኪና የበሽሎን በረሃ ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ፥ አቧራ ለብሶ፥ ብረቱም እንደ ምጣድ ግሎ ይደርሳል። ባለቤቱም ገና እግሩ መሬት ሳይረግጥ “ና እጠብልኝ!” ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወገል ጤና ከፍታዋ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም አገር ናት። ማታ ማታ ያለ ጋቢ አይወጣባትም። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ “እዚህ ደግሞ ምን ሙቀት አለ?” ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የደጋ ፀሐይ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይንቀጠቀጣል፥ ከጥላው ሁለት እርምጃ የወጣው ይቃጠላል። አየሩ ስስ ነውና። በእንዲህ ያለ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከ10 እጅ 7 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ቆዳን የሚያጠቁርና ቀለምን የሚያደበዝዝ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረርም ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በበጋ ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ኮፈኖው በእጅ አይነካም፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

እንግዲህ በዚህ የጋለ ብረት ላይ የሳሙና ውኃ ቢፈስበት ገና ሳይለቀለቅ ይደርቃል። ውኃው ይተናል፤ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ኖራና ጨው ግን አይተንምና በጠብታው ቅርጽ ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። አጣቢው ያን ነጭ ክብ ለማጥፋት እንደ ገና ውኃ ይደፋል፤ ያም ይደርቃል፤ እንደ ገና ይደፋል። ሁለት ባልዲ የሚበቃው ሥራ ስድስት ባልዲ ይፈጃል፤ መኪናውም እንደ ጉሬዛ ዝንጕርጕር ሆኖ ይወጣል።

እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር አባቴ ገንዘብ ስላልነበራቸው ክፍያዬን የምከፍለው በጉልበቴ ነበር፤ ሥራዬም የዲሬክተሩን ላንድሮቨር ማጠብ ነበር። ዲሬክተሩ ሁለት ባልዲ ይሰጡኛል፤ ሦስተኛ የለም። አንዱ የሳሙናው ሲሆን ሁለተኛው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ነው። አንድ ጊዜ ብረቱን ካሸሁ በኋላ ጨርቁን በሁለተኛው ባልዲ ሳላራግፍ ወደ ሳሙናው መመለስ አይፈቀድልኝም። ምክንያቱን ብጠይቃቸው ከባልዲው ሥር የተቀመጠውን ደለል በጣታቸው ዘግነው በእጄ ጀርባ ላይ አሹት፤ ቧጠጠኝ። “ቀለሙም የሚሰማው ይኸው ነው” አሉኝ። ከላይ ወደ ታች መታጠብ አለበት፥ ጎማ መጨረሻ ነው፥ ቦታው የዛፍ ጥላ ነው፥ ሰዓቱም ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። የተረፈው ውኃ በባሕር ዛፍ ችግኝ ሥር ይደፋል። ጓደኞቼ ፈረንጅ ውኃም ቢሆን ይቈጥራል እያሉ ይሥቁ ነበር።

ከእጥበቱ በኋላ ሰም ይመጣል። “ሰም” ባልሁ ጊዜ ቅኔ የቀመሰ አንባቢ ወርቁን መፈለግ እንደሚጀምር ዐውቃለሁ፤ አይድከም፥ የምናገረው በቆርቆሮ እየታሸገ ስለሚሸጠው ሰም ነው። ከእነዚህ ሰሞች የተመሰገነው የሚገኘው በብራዚል አገር ከሚበቅል ካርናውባ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። ዛፉ ይህን ሰም በቅጠሉ ላይ የሚቀባው በድርቅ ወራት ፀሐይ ውኃውን እንዳትመጥበት ነው። የሰው ልጅ የዛፉን የውኃ መጠበቂያ ወስዶ ለመኪና ማብረቂያ አደረገው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ደግሞ “የራሳችን የንብ ሰም እያለ ስለ ምን እንገዛለን?” ብሎ፥ ሰም በነጭ ጋዝ አሟሙቶ የአንድ ሾፌር መኪና ቀባ። ሐሳቡ አያስነቅፈውም፤ ነገር ግን የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፥ የካርናውባው ግን 80 ዲግሪ ካላለፈ አይቀልጥም። የልጁ ሰም በቀትር ለሰለሰና የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰበሰበ። ሰም በቀዘቀዘ ብረት ላይ፥ በጥላ፥ በስሱ ይቀባል። በወጉ የተቀባ መኪና አቧራው አይጣበቅበትም፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚታጠብበት ውኃ ያንሳል። በኦሞ ማጠብ ግን ይህን ሰም ይገፍፈዋል፤ በነጭ ጋዝ መወልወልም ለአንድ ሰዓት ያብረቀርቅና ጎማውን ይበላዋል።

አሁን ወደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ልምጣ። ይህ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣለት ቀረ። ሁለት ዓመት ያህል ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። ከዚያ በኋላ ከመናኸሪያው አጠገብ ሁለት ባልዲ ይዞ ላቫጆ ጀመረ። አባቱ በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። “12 ዓመት ያስተማርሁት የሰው ጭቃ ሊያጥብ ነው?” ብለው ለእኔ ነገሩኝ። እኔም በፊዚክስ ክፍል ስለ ትነት የተማረውን ወገል ጤና ውስጥ በሥራ ላይ ያዋለው ልጅዎ ብቻ ነው አልኋቸው፤ አልሣቁም።

ባለፈው ሚያዝያ በቀትር አንድ የኦፓል ነጋዴ ጥቁር ፒካፑን አምጥቶ አቆመ። ልጁ አልነካም አለ። ነጋዴው ወደ እኔ በረንዳ መጥቶ “ጋሼ፥ እስቲ ይፍረዱኝ፤ ገንዘብ ይዤ አላጥብም ይለኛል” አለ።

ልጁም “አላጥብም አላልሁም፥ ጋሼ። ጥላው ሥር ይቁምና ብረቱ ይቀዝቅዝ፥ 10 ሰዓት ላይ አጥባለሁ ነው ያልሁት” አለ።

ነጋዴው ተቈጣና ሌላ ጎረምሳ ጭኖ ከከተማው በታች ወዳለው ምንጭ ነዳው። እኔም ምርኵዜን ይዤ ተከተልሁ፤ ሽማግሌ ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል። ስደርስ ፒካፑ ከምንጩ ዐይን አጠገብ ቆሞ፥ አረፋው ከሞተሩ ዘይት ጋራ ተደባልቆ ወደ መቅጃው ይወርዳል። ስድስት ሰባት ሴቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ይዘው ውኃው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ዐሥር ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች፤ ያ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፥ መንገዱም ዳገት ነው፥ ከሰዓት በኋላም ትምህርት አላት።

ነጋዴውን “ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ወደ ታች ነዋ።”

“እዚያስ ማን አለ?”

“ጋሼ፥ እንዲህ ከሆነ መንግሥት ቧንቧውን በወጉ ያስገባላቸው እንጂ እኔን ምን ያድርጉኝ!” አለኝ። ይህ ንግግሩ ሐሰት ብቻ ነው ለማለት አልችልም። የሚገርመው ግን ይህ ሰው የሚነግድበት የወገል ጤና ኦፓል ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ መሆኑ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ብርሃን አስተላላፊ ይሆንና የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል፥ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ድንጋዩን ጠብታ እንዳይነካው በጥጥ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛል። ውኃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የማያውቅ ሰው አይደለም።

የእጥበት ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የተመለከተ አንድ ኢትዮጵያዊ ግን በዓለም ታውቋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እንዶድ ለብዙ ትውልድ ልብስ ሲታጠብበት ኖሯል፤ ዐጣቢውም ባለልብሱም የሚያዩት ልብሱን ነበር፥ እርሳቸው ግን ታች ያለውን አዩ። ጥናቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። እንዶድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኀይሉን አጥቶ ይጠፋል፤ የሞተር ዘይት ግን እንዲህ አይለቅም። ከደላንታ አምባ የሚወርደው ውኃ በሽሎ ይገባል፥ በሽሎም ዓባይ ይገባል። በጀርመን አገር በብዙ ከተሞች መኪናን በመንገድ ላይ ማጠብ የተከለከለው ስለዚሁ ነው። በደቡብ አፍሪካም ኬፕታውን በ2010 ዓ.ም. በድርቅ በተጨነቀች ጊዜ መኪናን በከተማው የመጠጥ ውኃ ማጠብ ተከልክሎ ነበር። ባለጸጋው ከተማ ይህን ያደረገው ቧንቧ ስላልነበረው አይደለም።

ተማሪዬ ከዚያ ወዲህ ላቫጆው አጠገብ ወገብ የሚደርስ ጕድጓድ ቈፍሮ ከሥሩ ጠጠር፥ ከላዩ አሸዋ ሞላበት። ዘይት ያለበትን ብረት ውኃ ከማስነካቱ በፊት በመጋዝ ብናኝ ይጠርገዋል፤ ብናኙንም በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅማል። ውኃ የሚገዛው በጋሪ ነው፥ ስለዚህ ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፥ በቀትርም አይሠራም። ነጋዴው እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም። ሦስት የአይሱዙ ሾፌሮች ግን ማታ 11 ሰዓት ላይ መምጣት ለምደዋል። ያች ልጅ ምንጩ ላይ አሁንም ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ አጣቢዎች እዚያው ናቸውና። የልጁ አባት ባለፈው ሳምንት በላቫጆው በኩል ሲያልፉ አየኋቸው፤ አልቆሙም፥ ነገር ግን ጕድጓዱን ዞር ብለው ተመለከቱት።