ጊታሩና ማሰሮው

ሙዚቃ ድንበር የለውም ይባላል። አባባሉ በመድረክ መክፈቻዎችና በበዓል ንግግሮች ላይ ደጋግሞ ስለሚሰማ፣ እውነትነቱን ቆም ብሎ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ሙዚቃ ድንበር አለው። የእያንዳንዱ ሕዝብ ዜማ የሚነሣበትና የሚያርፍበት ስፍራ፣ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ድምፅ አለው፤ ይህም ሕግ በብዙ ትውልድ ልፋት የተሠራ ነው። እንግዲህ የሁለት ሕዝቦች ሙዚቃ በአንድ መድረክ ሲገናኝ መጠየቅ የሚገባው፣ ድንበሩን የተሻገረው ማን ነው፣ ሲሻገርስ የባለቤቱን ሕግ ተምሯል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የጃዝና የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ግንኙነት ታሪክ የሚበቃ ማስተማሪያ ይሆናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም ሙዚቃዎች ከያኒው በአድማጭ ፊት ተቀምጦ እንዲፈጥር ግድ ይሉታል። የህንዱ ባለሙያ የሚነሣው ከራጋ ነው። ራጋ ከእኛ ቅኝት ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን ከቅኝት የሰፋ ሥርዓት ነው፤ ድምፆቹን ይመርጣል፣ የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን መንገድ ይወስናል፣ በሰሜን ህንድ ልማድም የሚጫወቱበትን የቀን ሰዓት ሳይቀር ይደነግጋል። ምቱ ደግሞ ታላ በሚባል ዙር ይታሰራል። ቲንታል የሚባለው የሰሜኑ ዙር 16 ምት አለው፤ ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢርቅ ወደ መጀመሪያው ምት ሳይስት መመለስ ይኖርበታል። ይህን ነገር የቅኔ ቤት ተማሪ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቅኔው ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ ልኩና ቤቱ ግን አይነካም። ነፃነቱ ከሕጉ ውስጥ ይወለዳል።

በአሜሪካ ከባርነት በወጣው ጥቁር ሕዝብ መካከል የተወለደው ጃዝ በበኩሉ ለፈጠራው መሠረት ያደረገው በተከታታይ የሚለዋወጡ ኮርዶችን ነው። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ራጋ የማይናወጥ አንድ መነሻ ድምፅ ይፈልጋል፤ ታምቡራ የተባለው ባለ አውታር መሣሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ድምፅ እያንጎራጎረ ይዘልቃል። ኮርዶቹ ከሥሩ በተለዋወጡ ቁጥር ራጋው መሬቱ እንደ ከዳው ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ለማስማማት ከሁለት አንዱ፣ ወይም ሁለቱም፣ የሚወዱትን ነገር መተው ነበረባቸው።

በሩን በመጀመሪያ የከፈተው ጃዝ ራሱ ነው። ማይልስ ዴቪስ በ1959 «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ኮርዶቹን አሳነሰ፤ ተጫዋቹም በአንድ ቅኝት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ፈቀደ። በዚያው አልበም ሳክስፎን የተጫወተው ጆን ኮልትሬን ወደ ህንድ ሙዚቃ ይበልጥ ተጠጋ፤ በ1961 በኒውዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ «ኢንዲያ» የሚለውን ድርሰቱን ቀረጸ፤ በ1965 የተወለደለትን ልጁንም በሲታሩ ሊቅ በራቪ ሻንካር ስም «ራቪ» ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ ሞት በ1967 በ40 ዓመቱ ስለ ቀደመው ጉዞው በመንገድ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ሁለት የቅኝ ግዛት ልጆች በቅኝ ገዢው መዲና ተገናኙ። ጆ ሃሪዮት በኪንግስተን፣ ጃማይካ፣ በአልፋ የወንዶች ትምህርት ቤት ሙዚቃ ተምሮ በ1951 ወደ እንግሊዝ የተሻገረ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ጆን ማየር ደግሞ ከካልካታ በትምህርት ዕድል መጥቶ በለንደን ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ቫዮሊን የሚጫወት ደራሲ ነበር። ሁለቱ አምስት የጃዝ ተጫዋቾችንና የህንድን ወገን የሚይዙ ሌሎች አምስትን፣ ሲታርና ታብላ፣ ታምቡራ፣ ዋሽንትና ቫዮሊን ይዘው፣ በአንድ ላይ አቆሙ። በ1966 «ኢንዶ-ጃዝ ስዊት»፣ በ1967 «ኢንዶ-ጃዝ ፊውዥንስ» የተባሉት አልበሞች ከዚህ ጥምረት ወጡ።

ያን ሥራ ዛሬ በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ድፍረቱን ያደንቃል፤ ስፌቱንም ያያል። ማየር ራጋዎቹን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለተጫዋቾቹ አደለ፤ የጃዙ ወገን በተራው ሲነሣ የህንዱ ወገን ዝም ይላል፤ የህንዱ ወገን ሲመለስ ጃዙ ያደምጣል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ግብዣ ላይ በሁለት ማዕድ እንደ መቀመጥ ያለ ነው። ይህ ግን ስንፍና አልነበረም። ከፊታቸው የሄደበት ሰው አልነበረም፤ ተጫዋቾቹም ለዓመታት አብረው ተቀምጠው የሚማማሩበት ጊዜና ገንዘብ አላገኙም። በዚያ ላይ ገበያው በመካከል ገባ። ሲታር በወጣቱ ዘፈን ውስጥ የፋሽን ጌጥ ሆነ፤ ፋሽኑም ባለፈ ጊዜ ከጌጡ ጋር የተለፋበትን ሁሉ ይዞ ሄደ። ሃሪዮት በ1973 ሳውዝሃምፕተን ውስጥ በ44 ዓመቱ፣ በችግርና በሕመም ተጎሳቁሎ ዐረፈ። ማየር በ1990ዎቹ በበርሚንግሃም ኮንሰርቫቶሪ እያስተማረ ቡድኑን እንደገና ቢያቋቁምም፣ ያ ሳክስፎን ግን አልነበረም።

ከሃሪዮት ሞት ሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ስብስብ ብቅ አለ። ጆን ማክላፍሊን የተባለው እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋች «ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ» በተሰኘው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ቡድኑ ዓለም አቀፍ ዝና አትርፎ ነበር። እርሱ ግን በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከደቡብ ህንዱ ሊቅ ከኤስ. ራማናታን እግር ሥር ተቀምጦ ቪና የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ተማረ። ከዚያም ማጉያውን ትቶ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ መድረኩ ላይ ከህንዳውያን ባልደረቦቹ ጋር መሬት ተቀመጠ። የቡድኑ ስም «ሻክቲ» ሆነ፤ የመጀመሪያው አልበምም በ1975 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በአንድ ኮሌጅ በአድማጭ ፊት ተቀረጸ።

ማክላፍሊን የተማረው በአእምሮው ብቻ እንዳልሆነ ጊታሩ ይመሰክራል። የህንድ ዜማ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሄደው እየተንሸራተተና እየተወዛወዘ ስለሆነ፣ በተራ ጊታር አይያዝም። ስለዚህ በጊታሩ አንገት ላይ፣ በብረቶቹ መካከል ያለው እንጨት ተፍቆ እንዲጎደጉድ ተደረገ፤ ጣት አውታሩን እንደ ልብ ለመጎተት ቻለ። ከዋናዎቹ አውታሮች ሌላም ሳይነኩ ራሳቸው የሚያስተጋቡ ሰባት አውታሮች በአግድሞሽ ተዘረጉ። የኮርዶቹንም ግንብ አፍርሶ ራጋው በቆመበት መሬት ላይ ቆመ። ከያኒ በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ ተመልሶ ተማሪ ሲሆን ቀላል ነገር አይደለም።

የተማረው ግን እርሱ ብቻ አልነበረም። ታብላውን የያዘው ዛኪር ሁሴን፣ የታላቁ የአላ ራካ ልጅ፣ የሰሜን ህንድ ወግ ያሳደገው ነው። ቫዮሊኑን የያዘው ኤል. ሻንካርና ጋታም የሚባለውን የሸክላ ማሰሮ የሚመታው ቲ. ኤች. ቪናያክራም የደቡቡ ልጆች ናቸው። የሰሜኑና የደቡቡ ሙዚቃ አንድ ሥር ቢኖራቸውም ለብዙ ዘመን በየራሳቸው መንገድ ስለ ሄዱ፣ የዙሩም ስም፣ የአቆጣጠሩም ዘዴ ይለያያል። ስለዚህ ሰሜኑ ከደቡቡ፣ ደቡቡም ከሰሜኑ መማር ግድ ሆነበት። መገናኛቸውም አፍ ሆነ፤ በሁለቱም ወገን ምት በእጅ ከመመታቱ በፊት በቃል ይወርዳልና። የኔታ ፊደሉን በዜማ እንደሚያስቆጥሩ ሁሉ እነርሱም ምቱን አንዱ ለሌላው በአፉ እየቆጠረ አስተማረ።

ቫዮሊኑም የራሱ ታሪክ አለው። ከአውሮፓውያን ጋር ወደ ደቡብ ህንድ የገባ መሣሪያ ነው፤ የደቡብ ህንድ ባለሙያዎች ግን መሬት ተቀምጠው፣ ጫፉን ከእግራቸው ላይ አሳርፈው፣ ቅኝቱን ለውጠው የራሳቸው አደረጉት። የባዕድ መሣሪያ ባህልን የሚወርረው ባለቤቱ የራሱን ሕግ ባላወቀ ጊዜ ነው። የራሱን ያወቀ ሕዝብ የሌላውን መሣሪያ ተቀብሎ በራሱ ቋንቋ ያናግረዋል።

ሻክቲ በ1978 ተበተነ። በ1997 ግን ዳግም ተሰባሰበ፤ ኋላም በቪናያክራም ስፍራ ልጁ ሴልቫጋኔሽ ተተካ። በ2023 «ዚስ ሞመንት» የተሰኘው አልበም ወጣ፤ በ2024 የግራሚ ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ዛኪር ሁሴን በ73 ዓመቱ ዐረፈ። የሃሪዮትን ፍጻሜ ከዚህ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ልዩነቱን በችሎታ ብቻ አይለካውም። አንዱ ጊዜ፣ መምህርና ባልንጀራ አገኘ፤ ሌላው መንገዱን በሾህ መካከል ጠርጎ ሳይጠግብ ሄደ። ኋለኛው የተራመደበትን መሬት ፊተኛው እንደ መነጠረው መዘንጋት ግፍ ነው።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኢንዶ-ጃዝ ስዊት በወጣበት በ1966፣ ሙላቱ አስታጥቄ በኒውዮርክ «አፍሮ-ላቲን ሶል» የተባሉትን አልበሞቹን ይቀርጽ ነበር፤ ኋላ ኢትዮ-ጃዝ በተባለው ሥራውም የገጠመው ያው ፈተና ነው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ የምዕራቡን ኮርድ ያለ ልክ የጫነ ሰው ትዝታን ትዝታ የሚያሰኘውን ቀለም ያጠፋዋል። ፈተናው አሁንም በየትምህርት ቤቱና በየባህል ቡድኑ አለ። ኪቦርዱ ቀርቦ ከማሲንቆው ጋር «ይዋሐድ» ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ ማሲንቆው ወደ ኪቦርዱ እንዲቃኝ ይታዘዛል፤ ኪቦርዱ ወደ ማሲንቆው እንዲሄድ የሚጠይቅ አይገኝም።

እንግዲህ ተማሪዎቹን ሁለት ሙዚቃ አዋሕዱ ብሎ የሚያሰማራ መምህር አስቀድሞ አንድ ነገር ያዛቸው፦ ከኪቦርዱ ፊት የተቀመጡትን ያህል ጊዜ፣ መሬት ላይ፣ ከማሲንቆው ባለሙያ ፊት ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚያመጡት ነገር ቢያንስ ስፌቱ የት እንዳለ በሚያውቁ እጆች የተሠራ ይሆናል።