ማኅተም ያልደፈነው ቀዳዳ

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ኦቾሎኒ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ መጠቅለያውን ገለጥኩት፤ የመሥሪያ ቤታችን የደንበኛ ማመልከቻ ነበር። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የወር ደመወዝ፣ ፊርማ።

ያፈርኩት በራሴ ነው፤ የደንበኞችን ምስጢር እንድጠብቅ የተመደብኩት እኔ ነኝና። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ባለ አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ አርቅቄ፣ በክብ ማኅተም አስጸድቄ፣ ለየክፍሉ በትኜ ነበር። ሁሉም ፈርሞ ተቀበለ፤ ያነበበው ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ምድር ቤት ወደሚገኘው መዝገብ ቤት ወረድኩ። ከተቀጠርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጡረታ የተቃረቡት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ተቀጪ ፍለጋ የመጣሁ መስሏቸው ተኮሳተሩ። ወረቀቱን አላወጣሁም፤ ስለ ሥራቸው ብቻ ጠየቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ቡና እየጠጣን፣ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አሮጌ ፋይል በኪሎ እንደሚሸጥ ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ማን ጠየቀኝ?»

የንብረት ክፍሉን ያሳመኑት እርሳቸው እንጂ የእኔ መመሪያ አይደለም። ዛሬ ፋይል ሳይቆራረጥ ከግቢ አይወጣም። እርሳቸው አምነውኛልና ሌሎቹም ቀረቡኝ፦ የሽያጭ ሠራተኛው የደንበኛ መታወቂያ በቴሌግራም ለሌላ ሰው መላኩን፣ ሾፌሩ ላፕቶፕ መጥፋቱን ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ካስከበረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። አዲሱ አዋጅም የመረጃ ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲገለጽ ያዛል። መልካም። ነገር ግን ጥሰቱን ቀድሞ የሚያየው ተራው ሠራተኛ ነው። እርሱ አፉን ከዘጋ፣ 72 ሰዓት ቀርቶ 72 ወርም አይበቃም። ለምን አይዘጋ? በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ጉድለት ያሳየ ሰው ጉድለቱን እንደ ፈጠረ ይቆጠራል። ስንት ዓመት የተቀመጥንበት ግምገማ ያስተማረን ዝምታን ነው። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ መተማመን ግን በአዋጅ አይመጣም።

በመጠቅለያው ላይ ስማቸው ለሰፈረው ደንበኛ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በጨዋነት ካዳመጡኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የሌሎቹስ ወረቀት የት ደረሰ?»

መልስ አልነበረኝም።

ቸር እንሰንብት።