ቤቱን እየጎተተ የሚኖር ወንድም



በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት፣ ዳላስ ከተማ ለተደረገ የዘመድ ኒካሕ ተጠርተን ወደ አሜሪካ ሄደን ነበር። ከደሴ ስንነሳ አክስታችን በሶና በርበሬ ካሸከሙን በኋላ ከሁሉም የሚከብድ መልእክት ጨመሩልን። «ልጄን ስታገኘው እናትህ ቤት ይኑርህ ብላለች በለው» አሉን።

ይህ የአክስታችን ልጅ በልጅነታችን አብሮን ቁርኣን የቀራ እኩያችን ነው። ዛሬ በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት የጋዝ ቧንቧ መስመር ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ ዳላስ ይኖራሉ። እርሱ ግን መስመር በሚዘረጋበት ቦታ ሁሉ በፒክአፕ መኪናው በሚጎትታት ቤት እየኖረ ይዞራል። አንዱ ሥራ ሁለት ወር፣ ሌላው አምስት ወር ይፈጃል፤ ሲያልቅ ቤቱን ከመኪናው ኋላ ቀጥሎ ይነሳል። ለኒካሑም ሥራ ይዞት አልመጣም፤ ስለዚህ እኛው ሄድንበት።

አንድ የዳላስ ወንድም በመኪናው ወደ ምዕራብ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ፔኮስ ከተባለች ከተማ አደረሰን። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ዛፍ የሌለው፣ ሙቀቱ አፋርን የሚያስታውስ ነው። ሲመሽ ግን እዚህም እዚያም ነበልባል ይታያል። የምን እሳት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚወጣ ጋዝ ነው አሉን። የሚወስደው ቱቦ ስለማይበቃ ያቃጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያ አካባቢ የጋዝ ዋጋ በብዙ ቀናት ከዜሮ በታች ወርዶ፣ ሻጩ ለገዢው እየከፈለ «ውሰድልኝ» ያለበት ጊዜ ነበር። እናቶቻችን በእንጨት ጭስ ዓይናቸው ሲነድድ ያየን ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንደተሰማን አንባቢ ይገምተው።

ቤቲቱ የመማሪያ ክፍላችንን ግማሽ ብታክል ነው። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ አላት። መብራቱና ውሃው መሬት ላይ ከተተከለ ሳጥን በገመድና በጎማ ቱቦ ይቀጠላል፤ የታጠቡበት ውሃ ወለሉ ሥር ባለ ታንከር ይጠራቀምና ባለቤቱ ራሱ ይደፋዋል። ታንከሩ ቶሎ እንዳይሞላ ውዱእ የሚደረገው በአንዲት ጣሳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በመድረሳ ተምረናል፤ ነገር ግን እኛ ራሳችን በዚያ መጠን ውዱእ ያደረግነው ገና እዚያ ነው።

ከኋላ ጥጉ ላይ ሁለት ትናንሽ ተደራራቢ አልጋዎች አሉ። አንሶላቸው ተነጥፏል፣ ትራሳቸው ተስተካክሏል፣ የተኛባቸው ግን የለም። «የልጆቹ ናቸው» አለን። አቧራው ስለሚበዛ አንሶላውን በየሳምንቱ ያጥባል። እኛም በታችኛው አልጋ ላይ እግራችንን አጥፈን አደርን።

በማግሥቱ ኃላፊው ፈቅዶልን፣ የራስ ቁር ደፍተን ከዳር ሆነን ሥራውን አየን። የቱቦው የጎን ስፋት 42 ኢንች ነው፤ ሕፃን በውስጡ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ብየዳ እንደ ሕመምተኛ ራጅ ይነሳል። ቱቦው ወደ ቦዩ ከመውረዱ በፊት ደግሞ ከዝገት የሚከላከለው ልባስ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይፈተሻል፤ ልባሱ የሳሳበት ነጥብ ካለ መሣሪያው ይጮኻል። በሙያው ቋንቋ ያችን ነጥብ «ሆሊዴይ» ይሏታል፤ የዕረፍት ቀን እንደማለት ነው። «እኔ የማውቀው ሆሊዴይ ይኼን ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ።

ያን ቀን መሣሪያው ጮኸ። ቀዳዳዋ የምስር ፍሬ አታክልም። የሠራተኞቹ አለቃ አፈር እንመልስበት አለ፤ ወንድማችን ራሱን ነቀነቀ። ሰዎቹ በዚያ ሐሩር ሁለት ሰዓት ያህል እያጉረመረሙ ቆሙ፤ ቀዳዳዋ ተደፈነች፤ እንደገና ተፈተሸች። አንዱ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ አለፈ። ወንድማችን ምንም አልመለሰም።

ማታ ምክንያቱን ነገረን። ከፔኮስ ብዙም በማይርቀው፣ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት ካርልስባድ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2000 ውስጡ በዝገት የተበላ የጋዝ ቱቦ ፈነዳ፤ በወንዙ ዳር ሠፍረው ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ 12 ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ አንድም ሳይተርፍ ሞቱ። እንዲህ ያለውን የውስጥ ዝገት ለማወቅ ቱቦው ውስጥ እየተገፋ የሚያልፍ መርማሪ መሣሪያ አለ። ስሙን ብንጠይቀው አፈረ። አሜሪካኖቹ «አሳማ» ነው የሚሉት! «ኡስታዝ፣ ከአሳማ ጋር የማውቀው ጉዳይ ይኼው ነው፤ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ» አለን።

የፔኮሱ ሥራ ስላለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ቀጣዩ ሥራ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ ቴክሳስ አብረን ተነሳን። መንገዱ በዳላስ በኩል ያልፋል። ዙህርን ለመስገድ አቢሊን አካባቢ ስንቆም ለረጅም ጊዜ ያብሰለሰለውን ጥያቄ ጠየቀን። አንድ ቦታ ወራት ሲቀመጥ ሙሉ መስገዱ አያከራክርም። በጉዞው ቀንስ? ቤቱን እየጎተተ ያለ ሰው ሙሳፊር ነውን?

የቀደሙት ዑለማዎች ይህን ጥያቄ ስለ መርከበኛ አንስተውታል። ከመርከቡ በቀር ቤት የሌለው፣ ቤተሰቡም ምድጃውም መርከቡ ውስጥ የሆነ መርከበኛ፣ በኢማም አሕመድ መዝሀብ እንደ መንገደኛ አይቆጠርምና ሶላቱን አያሳጥርም። በኢማም ሻፊዒይ ዘንድ ግን ማሳጠር ይችላል። እኛም የምናውቀውን ይህን ያህል አስረዳነው፤ ፈትዋ ግን ከባለቤቱ እንዲጠይቅ አሳሰብነው።

«ምድጃውስ አለኝ» አለ። ጥቂት ቆየና «ቤተሰቡ ውስጡ ከሌለስ?» ብሎ ጠየቀን።

እንግዲያው በሁለቱም ዘንድ መንገደኛ ነህ አልነው። ሁለት ረክዓ ሰገድን። ከዚያ በኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይናገር ነዳ። የአክስታችንን መልእክት ለመንገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማናገኝ ስለተረዳን ነገርነው። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ቤት አለኝ በልልኝ። ዳላስ ነው ያለው። የሌለሁበት እኔ ነኝ» አለ።

ዳላስ አምሽተን ደረስን። ባለቤቱ ራት እያቀረበች፣ «ይህ መኪና ደጃችን ሲቆም ጎረቤቶቻችን እንግዳ መጣላችሁ ይሉናል» አለች። እየሳቀች ነበር የተናገረችው፤ ግን ከኛ በቀር የሳቀ አልነበረም። ወንድማችን ዒሻን አራት ረክዓ ሰገደ። ጠዋት ልንነሳ ስንል የ9 ዓመቱ ትልቁ ልጅ ቦርሳውን ይዞ ተጎታቿ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ትምህርት እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበርና እናቱ ፈቀደችለት።

ወደ አዲሱ ሥራ ስንሄድ ኒው ለንደን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆምን። ይህን ማቆሚያ የመረጠልን እርሱ ነው፤ መምህር ስለሆናችሁ ማየት አለባችሁ ብሎ። በመንገዱ መሐል ከሮዝ ግራናይት የተሠራ ረጅም ሐውልት ቆሟል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1937፣ ተማሪዎች ሊለቀቁ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ እዚያ የነበረው ትምህርት ቤት ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ወጪ ለመቆጠብ ከነዳጅ ማውጫ የሚተርፍ ጋዝ ጠልፎ ይጠቀም ነበር። ጋዙ አፈትልኮ ከወለሉ ሥር ተጠራቀመ። በእጅ ሥራ ክፍል የእንጨት መሞረጃ መሣሪያ ሲበራ ብልጭታው አቀጣጠለው።

«ለምን አልሸተታቸውም?» አለ ልጁ።

አባቱ ተንበርክኮ አስረዳው። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው፣ በየቤታችን ቡታጋዙን ስንከፍት የምናውቀው ዓይነት መጥፎ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ቴክሳስ ይህን በሕግ የደነገገችው በዚያው ዓመት ከአደጋው በኋላ ነበር። ዛሬም ወደ ቤቶች የሚገባ ጋዝ ሊቀጣጠል ከሚችልበት መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ በአፍንጫ መታወቅ አለበት። እኛ ግን ያን ጊዜ የምናስበው ደሴ ያለውን ክፍላችንን፣ ከ60 በላይ ተማሪ የሚቀመጥበትን ነበር። ልጁ ስሞቹን ጣቱን እያስኬደ አንዱን አንዱን ሲያነብ አባቱ አላቋረጠውም፤ እኛም ሰዓታችንን አላየንም።

አዲሱ ሠፈር ጥድ የበዛበት፣ ከፔኮስ ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል ለምለም ነው። ተጎታቿ በእንጨት ተደግፋ ስትስተካከል ልጁ የውሃ ልኩን ይዞ «ገና ነው፣ ወደዚህ ዘንበል ብላለች» እያለ አባቱን ሦስት ጊዜ አስነሳው። ከዚያ ቂብላውን በኮምፓስ ፈለጉ። ወንድማችን በዚያ ሁለት ወር ሊቆይ ነይቷልና ኢማም ሆኖ ዐስርን አራት ረክዓ አሰገደ፤ እኛ ሙሳፊሮች ብንሆንም ነዋሪን ተከትለናልና አራት ሰገድን።

ሲመሽ ልጁ በላይኛው አልጋ ወጣ። የታችኛው ለኛ ተነጠፈ።