ለቡ መብራት ኃይል፣ ግን የትኛው በር?

ለቡ መብራት ኃይል ለሚኖር ሰው እንግዳ መጥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ለቡ መብራት ኃይል ደርሻለሁ» ይላል እንግዳው በስልክ። መድረሱስ ደርሷል፤ ግን የቱ ጋ? ዋናው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሱቋን አልፈህ፣ ኮብልስቶኑን ይዘህ፣ ከአረንጓዴው በር ቀጥሎ...

ለመመረቂያ የያዝኩት ጥናት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጋማ ጨረር የሚረጩ፣ ምንነታቸው ግን ያልታወቀ የሰማይ አካላትን በኤክስሬይ መፈለግ ነው። ጋማ ጨረር ጉልበቱ ከመብዛቱ የተነሳ በመስታወት አይሰበሰብም። ስለዚህ ሳተላይቷ የምትሰጠን ሰፈሩን ነው። ኤክስሬይ ግን መስታወቱን ታክኮ እንዲያልፍ ከተደረገ ይሰበሰባል፤ በሩን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀችው ፌርሚ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ከመዘገበቻቸው ከ5,000 በላይ ምንጮች ውስጥ ከ1,300 የሚበልጡት ባለቤታቸው ሳይታወቅ ነው መዝገብ ውስጥ የገቡት።

እናቴ ማታ ማታ «አገኘሽው?» ትለኛለች። «አላገኘሁም» እላታለሁ። «ታዲያ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እቆጣ ነበር፤ የአንድ ዓመት የቤት ወጪ የቻለችኝ እሷ ስለሆነች ግን መልስ ይገባታል። ስለዚህ የጀሚንጋን ታሪክ ነገርኳት።

ጀሚንጋ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1972 በተተኮሰችው ሳስ-2 ሳተላይት ነው። (ሳስ-2 የተነሳችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያኖች መድረክ። የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ ሳተላይትም በ1970 በኬንያ የነፃነት ቀን ከዚያው ተነስታለች፤ ስሟን ኡሁሩ፣ ነፃነት፣ ያሏት ለዚህ ነው።) ጀሚንጋ በጋማ ደምቃ ትታያለች፤ በሬዲዮ ሲፈልጓት ግን ድምፅ የለም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ቢኛሚና ባልደረቦቹ ያወጡላት ስም በሚላኖ አነጋገር «እዚያ የለም» እንደማለትም ነው። በ1983 አይንስታይን በተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት አማካይነት በሯን አገኙ። ማን እንደሆነች የታወቀው ግን በ1992 ነው፤ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል የምትሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ። እኔን እስከዛሬ የሚያስደንቀኝ ከዚያ የቀጠለው ነው፦ የኤክስሬይ ትርታዋን ይዘው ወደ አሮጌው የሳስ-2 መረጃ ሲመለሱ፣ ትርታው እዚያም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እጃቸው ላይ።

ኤክስሬይ አየራችንን አልፎ መሬት አይደርስም። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች ለዚህ አይረዱኝም፤ የማንም አገር የመሬት ቴሌስኮፕ አይረዳም። የስዊፍት ሳተላይት መረጃ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ለቡ ተቀምጦ ማውረድ ይቻላል፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ። ስለዚህ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም» የሚሉኝን አልሰማቸውም።

እስካሁን ካየኋቸው ሰፈሮች በአንዱ ምንም የለም። አማካሪዬ «እሱንም ጻፊው፤ ከዚህ የሚደምቅ ኤክስሬይ እዚህ የለም ማለት ውጤት ነው» ብሎኛል። እናቴ ይህን ስሰማት ትንሽ አሰበችና፣ «ሲከፍሉሽስ እንዲሁ ነው የሚከፍሉሽ?» አለችኝ።