ስለ ካፌ ታኩባ ዕርምጃ

በመኝታ ክፍላችን ስድስት ነን። ማታ ጥናት ሲያደክመን ሙዚቃ እንሰማለን፤ ሙዚቃው ሲያልቅም እንከራከራለን። ባለፈው ሰሞን ሦስት ሌሊት ሙሉ ያከራከረን ካፌ ታኩባ የሚባለው የሜክሲኮ የሮክ ባንድ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፤ ይኸውም «እነዚህ ሰዎች ወደ ፊት ሄደዋል ወይስ ባሉበት ይረግጣሉ?» የሚል ነው። ነገሩ መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን ስለ ዞረብን ለአንባቢ ልናካፍለው ወደድን።

በመጀመሪያ ከየት እንደ ተነሡ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሜክሲኮ ሮክ መጫወት ለብዙ ጊዜ የሚያስጠረጥር ሥራ ነበር። በ1968 በትላቴሎልኮ አደባባይ የተሰበሰቡ ተማሪዎች በጥይት ተጨፈጨፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1971፥ አቫንዳሮ በተባለ ስፍራ እጅግ ብዙ ወጣት ሮክ ለመስማት ሲሰበሰብ መንግሥት ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ ሮክ ከሬዲዮና ከታላላቅ አዳራሾች ተገፍቶ በከተማ ዳር በየመጋዘኑ መኖር ግድ ሆነበት።

ካፌ ታኩባ የተቋቋመው ይህ የተዘጋ በር መከፈት በጀመረበት ጊዜ፥ በ1989 ነው። ሩቤን አልባራን፥ ኤማኑኤል ዴል ሬያል፥ ሆሴሎ ራንሄልና ወንድሙ ኪኬ ራንሄል ከዋና ከተማው አጠገብ ካለችው ከሲውዳድ ሳቴሊቴ የወጡ ናቸው። ሩቤንና ሆሴሎ እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚማሩትም ዲዛይን ነበር። የባንዱን ስም የወሰዱት በመዲናይቱ መካከል ካለ አንድ የቆየ ቡና ቤት ነው። ከበሮ መቺ አልነበራቸውም፤ ምቱን የሚሰጣቸው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። አንዱ ጓደኛችን «ቁንጮው በ1994 የወጣው ‹ሬ› ነው» አለ። በእውነትም በዚያ አልበም ውስጥ ባሉት 20 ዘፈኖች የሰሜኑ ሕዝብ ፖልካ፥ የአዛውንቱ ቦሌሮና የወጣቱ ሮክ በአንድ ገበታ ቀርበዋል። የአባቶቻቸውን ዜማ ሳያፍሩበት፥ የውጭውንም ሳይሰግዱለት አዋሕደውታል። ሁለተኛው ሽልማት ቆጠረ፤ በ2003 ሕያው ከበሮ መቺ አስገብተው ያወጡት «ኳትሮ ካሚኖስ» በማግስቱ ዓመት ግራሚ አግኝቷልና። ሦስተኛው ደግሞ «ዕርምጃ ማለት ነፃነት ነው» ብሎ ተነሣ። ለብዙ ዓመታት በታላላቅ የሸክላ ኩባንያዎች ጥላ ሥር ከኖሩ በኋላ በ2017 «ሄይ ቤይቢ» የተባለውን አልበም ያለ ኩባንያ፥ በራሳቸው አውጥተዋል። ይህ ክርክር ብዙዎቻችንን አሸነፈን፤ ነገሩም ያለቀ መሰለን።

በማግስቱ በምግብ ቤት ስንነጋገር እስፓኝኛ የምታጠና አንዲት እኅታችን ሰማችንና «‹ኢንግራታ›ን ስትጨፍሩ አይቻችኋለሁ። ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?» አለችን። አናውቅም ነበር። ዜማው ያስፈነድቃል፤ እኛም ስንፈነድቅ ከርመናል። ተረጐመችልን። ሰውየው ከድታኛለች የሚላትን ሴት በጥይት እንደሚመታት፥ በቀብሯም ላይ እንደሚገኝ ይዘፍናል። ከመካከላችን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

ከዚያ የነገረችን እኛ ከቆጠርነው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያንኑ በ1994 የወጣ፥ ሕዝብ በጣም የሚወደውን ዘፈን ባንዱ በ2017 ከመድረክ አወረደው። ሴቶች በየዕለቱ በሚገደሉበት አገር ይህን መዝፈን አይገባንም አሉ። በ2019 ደግሞ የኮሎምቢያዋን ዘፋኝ አንድሬያ ኤቼቬሪን ጋብዘው ቃሉን ለውጠው መልሰው ተጫወቱት።

ከእኛ አንዱ ተቃወመ። ነገሩ በመጠጥ ቤት የሚዘፈነውን የድሮ እንጉርጉሮ እየቀለዱበት የጻፉት ነው፤ ደግሞም ዘፈን ስለ ተሰረዘ ገዳይ እጁን አይሰበስብም አለ። እውነት አለው። እኅታችንም አልካደችም፤ «ገዳዩን አያስቆመው ይሆናል። እኔን ግን በሰው ሞት ከመጨፈር ያድነኛል» ብላ ሳህኗን አንሥታ ሄደች።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሽልማቱ መልካም ነው፤ ከኩባንያ መላቀቁም መልካም ነው። ግን ነፃ የወጣ ሰው በነፃነቱ ምን እንደ ሠራበት ካልተጠየቀ ነፃነቱ ብቻውን ዕርምጃ አይባልም። ካፌ ታኩባ ጭብጨባ የሚያመጣለትን ዘፈን በገዛ ፈቃዱ ማስቀመጥ ችሏል። ለዚህ 23 ዓመት መፍጀቱን አንሸሽግም፤ ዘግይቷል። ሆኖም ብዙ ሰው በስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ስሕተቱን እንደ ርስት ይጠብቃል እንጂ አያርመውም።

ስለ ራሳችንም እንናገር። እስፓኝኛ አለማወቃችን ምክንያት ይሆነን ነበር፤ ነገር ግን በገዛ ቋንቋችን የሚዘፈነውንስ መቼ ቃሉን ሰምተን እናውቃለን? በዚያች ማታ በክፍላችን ሙዚቃ አልከፈትንም። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ሲጀመር አንዳችን «ቆይ፥ ምን ይላል?» ማለት ጀምረናል። ጭፈራው ጥቂት ይዘገያል፤ ይዘግይ።