የጋሼ መስታወት

ማይክሮስኮፕን የተዋወቅሁት በልጅነቴ ነው፤ ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ በነበረች ትንሽ ክሊኒክ። ሆዴን አሞኝ እናቴ ይዛኝ ሄደች። የላቦራቶሪው ጠረጴዛ መስኮቱን ተጠግቶ፣ ላዩ ላይ አንገቱ ጋ ቀለሙ የተላጠ ጥቁር ማይክሮስኮፕ ተቀምጧል። ባለ አንድ ዓይን ነው፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለው። ከሥሩ ያለችውን ክብ መስታወት ባለሙያው፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ በጣታቸው ገፋ መለስ እያደረጉ ብርሃን ያስገቡለታል።

«የምንፈልገው ሰማዩን ነው እንጂ ፀሐይዋን አይደለም፤ እሷ ዓይን ታጠፋለች» አሉኝ። ስላይዱ ላይ ሳላይን ጠብ አድርገው፣ ከናሙናው በስንጥር ጫፍ ቀላቅለው፣ በስስ መሸፈኛ ከደኑት። «ና እይ የኔ ልጅ። ሌላኛውን ዓይንህን አትጨፍን፣ ይደክምሃል።»

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቆይቶ አንድ ነገር እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገለባበጠ አለፈ። ጃርዲያ ነበር፤ ሆዴን ያመመኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ጋ ጎራ ማለት ልማዴ ሆነ።

የታችኛው ሌንስ 40 ጊዜ ያጎላል፣ ዓይን የሚያርፍበት ደግሞ ያንኑ 10 ጊዜ፤ ተባዝቶ 400። ለወባ ግን ይህ አይበቃም። ከመተሃራ ትኩሳት ይዘው የሚመለሱ ሾፌሮች ደም በጂምሳ ከተቀለመ በኋላ ባለ 100ው ሌንስ ይዞርና አንዲት ጠብታ ዘይት ይጨመራል። በስላይዱና በሌንሱ መካከል አየር ካለ ብርሃኑ ተጣሞ ወደ ጎን ያመልጣል፤ ዘይቱ ብርሃንን የሚያሳልፈው እንደ መስታወቱ ስለሆነ መንገዱን ያቀናለታል። ያኔ ቀይ ነጥብ ያላት ሰማያዊ ቀለበት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ቁልጭ ትላለች። የወባን ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን ነው፤ በ1880 እ.ኤ.አ.፣ እዚሁ አፍሪካ፣ አልጄሪያ ውስጥ። በ1958 እ.ኤ.አ. ደጋችን ድረስ ወጥቶ ወደ 150,000 የሚገመት ሕዝባችንን የፈጀውም ይኸው ተውሳክ ነው። ስለዚህ ያቺን ቀለበት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ምንጊዜም ትልቅ ሰው ነው ለእኔ።

ኋላ እኔም በሙያው ገባሁ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብርሃን የማይደርስበትን ቫይረስ ሳይቀር እንደሚያሳይ ተማርኩ፤ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ ግን በሕይወት የሚንቀሳቀስ ነገር አያሳይም። ልቤን የወሰደው ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ነው። የታማሚ አክታ በኦራሚን ተቀልሞ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የቲቢ ባክቴሪያዎች ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ድሮ የሜርኩሪ አምፖልና ጨለማ ክፍል ይፈልግ ነበር፤ ዛሬ በኤልኢዲ አምፖል፣ ካስፈለገም በባትሪ ይሠራል። በዘይትና በባለ 100ው ሌንስ ጥቂት በጥቂት የምንፈትሸውን ስላይድ በአነስተኛ ሌንስ ሰፋ አድርገን ቶሎ እንጨርሰዋለን፤ ደጅ ወንበር ላይ እያሳለ የሚጠብቀውም ሰው ውጤቱን በጊዜ ይዞ ይሄዳል።